አንድ ኩባያ ስንት ግራም ነው?
(በቤታቸው ኬክና ዳቦ ለሚጋግሩ ሰዎች የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ። ቆማችሁ ያላችሁ፣ ከፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ፈተና አይደለም፣ አትፍሩ።

መጀመሪያ አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ለእኛ ለጋጋሪዎች የሩጫ ሰዓት ነው። የእሁድ ልደት፣ የእሁድ ክርስትና፣ የእሁድ ምርቃት፤ ሁሉም ኬኩን ቅዳሜ ማታ ነው የሚፈልገው። ያን ሁሉ ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ኦቨን ውስጥ ኬክ ትታችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ አሁኑኑ ቤት ደውሉ፤ እጠብቃለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ልኬት ነው። በኩባያና በማንኪያ የተጻፈ ሬሲፒን ወደ ግራም ስለ መለወጥ። ርዕሱ ደረቅ ነው ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን ሰው ከሚጠይቀኝ ጥያቄ አብዛኛው ዞሮ ዞሮ እዚህ ነው የሚያርፈው። «ኬኬ መሀሉ ሰመጠ።» «ኩኪሴ እንደ ድንጋይ ሆነ።» «ባለፈው ያማረልኝ ዳቦ ዛሬ ደረቀብኝ፤ ምንም አልቀየርኩም እኮ!»

ምንም አልቀየርኩም! እስቲ ይቺን ነገር ያዙልኝ። ሁላችንም ብለናታል። እውነት ግን ምንም አልቀየርንም?

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ አንድ ኩባያ ዱቄት ለምን በሰፈሩት ቁጥር እንደሚለያይ። ሁለተኛ፣ ኩባያው ራሱ የየት አገር እንደሆነ። ሦስተኛ፣ እንዴት አንዴ ለውጠን እንደምንገላገል። በመሀል ከመንገድ እወጣለሁ፤ የሚያውቁኝ ያውቁኛል፤ ታገሡኝ።

አንደኛው። ሦስት ሰው ልዋስ። እርስዎ እናቴ፣ ይምጡ። አንቺ ባለ ቢጫ ሻርፗ። አንተም ወንድሜ፤ ወንዶችም ይጋግራሉ፣ ጎበዝ ጎበዝ ጋጋሪዎች አሉ። ይኸው አንድ ኩባያ። የአሜሪካ ነው፤ 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ይኸው ደግሞ አንድ ከረጢት የፉርኖ ዱቄት። ቤታችሁ እንደምትሰፍሩት ስፈሩልኝ። እንዴት ብላችሁ አትጠይቁኝ። እንደለመዳችሁት።

አያችሁ? እናታችን በማንኪያ ቀስ እያሉ ጨመሩና አፉን በቢላ ጀርባ ጠረጉት። ሚዛኑ ምን ይላል? 121 ግራም። እህታችን ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተችና ዛቀች፣ ጠረገችው። 146። ወንድማችን ዛቀ፣ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ አደረገው፣ የጎደለውን ሞላ፣ ጠረገ። 163።

እናመሰግናለን፤ ተቀመጡ። ለሦስቱም ጭብጨባ።

ማን ተሳሳተ? ማንም! ሦስቱም አንድ ኩባያ ሰፈሩ። ዱቄቱ ከአንድ ከረጢት ነው፣ ኩባያው አንድ ነው። ልዩነቱ 42 ግራም። አሁን ሬሲፒው ሁለት ኩባያ ተኩል ይላል እንበል። በእናታችን አሰፋፈር 300 ግራም ገደማ ነው። በወንድማችን ከ400 ይበልጣል። ወተቱ ያው፣ እንቁላሉ ያው፣ ቅቤው ያው። መቶ ግራም ዱቄት ግን ሳይጠራ ገብቷል። ኬኩ ለምን ደረቀ? ኦቨኑ ነው? ቤኪንግ ፓውደሩ ጊዜው አልፎበት ነው? ኧረ ተዉ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዱቄት በመሀሉ አየር አለው። ሲዛቅ ይታጨቃል፣ ሲነፋ ይላላል። ገበያ ላይ ሽሮ ወይም በርበሬ በጣሳ የገዛ ሰው ይህን ያውቃል። ገዢ «ነቅነቅ አድርጊው» ይላል፣ ሻጭ ደግሞ ሳትነቀንቅ ከምራ ታሳየዋለች። ለምን እንደሚከራከሩ ሁለቱም ጠንቅቀው ያውቃሉ። እኛ ኩሽና ስንገባ ነው የምንረሳው።

አንዳንድ ሬሲፒ «ነፍተሽ ስፈሪ» ይላል፣ አንዳንዱ «ሰፍረሽ ንፊ»። አንድ ይመስላል፤ አይደለም። ተነፍቶ የተሰፈረ ዱቄት ከ120ም ወርዶ 110 አካባቢ ሊመጣ ይችላል።

ተራው ስኳር እንዲህ አያስቸግርም። ብትዝቁትም ብትጨምሩትም አንድ ኩባያው 200 ግራም አካባቢ ነው። ቡናማ ስኳር ግን ተጠቅጥቆ ነው የሚለካው፤ ያኔ ከ210 እስከ 220 ግራም ይሆናል። ሳይጠቀጠቅ ከሆነ ስንት እንደሆነ እሱ ፈጣሪ ይወቀው። የተፈጨው ነጭ ስኳር፣ ለክሬም የምንጠቀምበት፣ ከ115 እስከ 120። ካካዎ ደግሞ ቀላል ነው፤ 85 አካባቢ። ማር 340!

ስለዚህ በቴሌግራም «አንድ ኩባያ ስንት ግራም ነው?» ብላችሁ ስትጽፉልኝ መልሴ ሁልጊዜ ጥያቄ ነው። ምን ሞልታችሁበት? አንዳንዶች «250 ነው አሉ» ትሉኛላችሁ። ማን ነው ያለው? 250 ግራም የሚሆነው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ውስጥ ውሃ ስትሞሉበት ነው። ውሃ! ሚሊ ሊትርና ግራም እኩል የሚሆኑት በውሃ ነው፤ ወተትም ብዙ አይርቅም። ዘይት ይቀላል፤ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት 92 ግራም ገደማ ነው። ማር ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ማር ልትገዙ ሄዳችሁ ሻጩ የአንድ ሊትር ዕቃ ሞልቶ «ይኸው አንድ ኪሎ» ካላችሁ አትከራከሩ። ዝም ብላችሁ ክፈሉና ውጡ፤ አትርፋችኋል። «አንድ ኪሎ ነው» ብሎ ግማሽ ሊትር ከሰጣችሁ ግን ቆም በሉ፤ ግማሽ ሊትሩ 700 ግራም ብቻ ነው። እሺ፣ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ነገር። ኩባያው የየት አገር ነው?

አሜሪካኖቹ ለምን በኩባያ ይጋግራሉ? ጥንት የእነሱም ሬሲፒ እንደኛ አክስቶች አነጋገር ነበር። «እንቁላል የሚያህል ቅቤ»፣ «አንድ የሻይ ኩባያ ዱቄት» ይል ነበር። በፈረንጆቹ 1896፣ ማለትም አያቶቻችን ዐድዋ ላይ በተዋጉበት ዓመት፣ ፋኒ ፋርመር የምትባል የቦስተን የምግብ ሙያ አስተማሪ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመች። እሷ ነች «ኩባያው የታወቀ መጠን ይኑረው፣ አፉም በቢላ ይጠረግ» የሚለውን በየቤቱ ያስገባችው። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። እናታችን ቅድም በቢላ የጠረጉት የዚህች ሴት ትምህርት ነው። አውሮፓ በሚዛን ሲሠራ አሜሪካ በኩባያው ቀረ። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የምታዩት የእንግሊዝኛ ሬሲፒ ብዙው ኩባያ ኩባያ የሚለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ችግሩ፣ ኩባያ ሁሉ የአሜሪካ ኩባያ አለመሆኑ ነው። የአሜሪካው 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የአውስትራሊያው 250። የጃፓኑ 200። ከሩዝ ማብሰያ ማሽን ጋር የምትመጣዋ ላስቲክ ኩባያ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እሷ 180 ናት! ስንት ቤት ውስጥ የኬክ ዱቄት ስትሰፍር አይቻታለሁ መሰላችሁ።

ማንኪያም አይታመንም። የአሜሪካ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ። የአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያ 20 ነው፤ አራት የሻይ ማንኪያ። አንዲት ያስተማርኳት ልጅ ሜልቦርን ካለች እህቷ የቸኮሌት ኬክ ሬሲፒ ተላከላት። እህትየው በስልክ ቪዲዮ እያሳየቻት ነው የምትጋግረው፤ ሁሉም ነገር አንድ። የእህትየው ኬክ እርጥብና ጥቁር፣ የዚህችኛዋ ቀላ ያለ፣ ጣዕሙም የሳሳ። ስድስት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ ይላል። እዚያ 120 ሚሊ ሊትር፣ እዚህ 90። ሩብ ካካዎ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። እህትማማቾቹ በካካዎው ጥራት ሲጨቃጨቁ ከርመው ነበር።

መሳቢያችሁ ውስጥ ያለው ማንኪያ ደግሞ የማንም አገር አይደለም። ፋብሪካው ደስ እንዳለው ነው የሠራው። ቁልል አድርጎ መዝገን የሚባለውን ልማዳችንን ስትጨምሩበት በቃ፣ ሎተሪ ነው።

ቅቤስ? አሜሪካኖቹ «አንድ ስቲክ» ይላሉ። 113 ግራም ነው። ሁለት ስቲክ 227 ግራም፣ ያ አንድ ኩባያ ቅቤ ነው። እኛ ሱቅ የምናገኘው የገበታ ቅቤ 200 ወይም 250 ግራም እየሆነ ይመጣል። «አንድ ኩባያ ቅቤ» ሲል ባለ 250ውን እንዳለ መጣል ለኩኪስ ብዙ ነው። ከዚያ ኩኪሱ ኦቨን ውስጥ እንደ ጤፍ ቂጣ ይዘረጋል።

«አንድ ፓኬት እርሾ» ሲልም እንዲሁ። የአሜሪካ ፓኬት 7 ግራም ነው። እኛ ጋ 11 ግራም የሚል ፓኬትም አለ። ማሸጊያውን አንብቡ። ማንበብ ነጻ ነው።

ጨው ደግሞ የባሰ ነው። የአሜሪካ ሬሲፒ ብዙ ጊዜ ኮሸር የሚሉትን ጠፍጣፋና ሰፋፊ ቅንጣት ያለው ጨው ነው የሚያስበው። የኛ ደቃቁ ጨው አንድ የሻይ ማንኪያው 6 ግራም ገደማ ነው። ከእነሱ ጨው አንዱ ዓይነት በዚያው ማንኪያ 3 ግራም እንኳ አይሞላም። ማንኪያው አንድ፣ ጨውነቱ እጥፍ! በግራም ከሆነ ግን ሦስት ግራም ጨው ሦስት ግራም ጨው ነው፤ ቅንጣቱ ደቀቀም ሰፋም ለውጥ የለውም።

እስካሁን ያስፈራራኋችሁ ይመስለኛል። አሁን ወደ ሦስተኛው እንሂድ፤ ምን እናድርግ?

ሬሲፒ ስታገኙ መጀመሪያ ጸሐፊው የት እንዳለ እዩ። ቀጥሎ፣ ከኩባያው አጠገብ ግራም ተጽፎ እንደሆነ ፈልጉ። ከተጻፈ ኩባያውን እርሱት። እባካችሁ እርሱት! ካልተጻፈና ቪዲዮ ካለ፣ እጇን እዩ። ትዝቃለች ወይስ በማንኪያ ትጨምራለች? የምትዝቅ ከሆነ አንድ ኩባያ ዱቄቷን 140፣ 145 ግራም ያዙት። በማንኪያ የምትጨምር ከሆነ 120። ኪንግ አርተር የሚባለው የአሜሪካ የዱቄት ኩባንያ በራሱ ሠንጠረዥ 120 ነው የሚለው። ሌሎች ደግሞ 140 ገደማ ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አሰፋፈራቸው ነው የሚለየው። ምንም ፍንጭ ካጣችሁ በ125 ጀምሩ። ሊጡ ቢቀጥን ዱቄት መጨመር ይቻላል። የገባ ዱቄት ግን አይወጣም።

ከዚያ ጋግሩ። ካማራችሁ፣ ግራሙን ሬሲፒው ላይ ጻፉት። በእስክሪብቶ። ከዚያ ወዲያ ያ ሬሲፒ የእናንተ ነው፤ ኩባያ አይነካውም። የምለውጠው አንዴ ነው፤ በየሳምንቱ የምለውጥ ከሆነማ ምኑን ተገላገልኩት?

እንቁላልም ይመዘናል፣ አትሳቁ። የአሜሪካ ሬሲፒ እንቁላል ሲል ትልቁን ነው፤ ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ያህል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከዚያ ያንሳል። አራት እንቁላል ካለ 200 ግራም እስኪሞላ ስበሩ። አምስተኛው ተሰብሮ ግማሹ ቢተርፍ ለቁርስ ይሆናል።

አንድ ሰው ሁልጊዜ ይነሳና «የአዲስ አበባ ከፍታስ?» ይለኛል። ትክክል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ውሃ እኛ ጋ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ኬክ ቶሎ ይነፋና ሳይጸና ይሰምጣል፤ ስለዚህ ከቤኪንግ ፓውደሩ ትንሽ መቀነስ ያስፈልጋል። ግን እስቲ አስቡት። ዱቄታችሁ ዛሬ 300፣ ነገ 400 ከሆነ፣ ኬኩን ያበላሸው ከፍታው ይሁን ዱቄቱ በምን ታውቃላችሁ? ከፍታን ስም የምናጠፋው ብዙ ጊዜ በከንቱ ነው። መጀመሪያ ዱቄቱ ይቁም፣ ከዚያ ከከፍታው ጋር እንታገላለን።

ስለ ሚዛኑ። ውድ አያስፈልግም። እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን፣ አንድ ግራም የሚያነብ የኩሽና ሚዛን ይበቃል። ዋናው ነገር ዜሮ የሚያደርገው ቁልፍ ነው። ሳህኑን ታስቀምጣላችሁ፣ ዜሮ። ዱቄት 300፣ ዜሮ። ስኳር 200፣ ዜሮ። ዘይት፣ ዜሮ። አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ። የሚታጠበው ዕቃ ብቻውን ያሳምናችኋል። ሚዛኑን ከተጠራጠራችሁ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አስቀምጡ፣ ዜሮ በሉት፣ ባዶውን አንሱት፣ ከዚያ ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ መዝኑ። 500 አካባቢ ማለት አለበት።

ትንንሽ ነገር ላይ ግን የኩሽና ሚዛን ይዋሻል። ሁለት ግራም እርሾ፣ ሦስት ግራም ሶዳ ስትጨምሩበት አንዳንዴ ጭራሽ አይሰማም። ለእነዚህ የታወቀ መጠን ያለው የመለኪያ ማንኪያ ይሻላል፤ በቢላ ተጠርጎ። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር 4 ግራም ገደማ፣ ደረቅ እርሾ 3 ግራም ገደማ። እኔ ማንኪያ ይጣል የምል ሰው አይደለሁም። ዱቄት በኩባያ አይሰፈር ነው የምለው።

አሁን ስለ አክስቴ ልንገራችሁ። ድፎ ዳቦ የምትደፋው አክስቴ ሬሲፒ ስጠይቃት «ዱቄት፣ ውሃ እስኪበቃው፣ ጨው ትንሽ» ነው መልሷ። እስኪበቃው! ስለዚህ ለዘመን መለወጫ ስታቦካ ሚዛኔን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን አላስቆምኳትም። የዱቄቱን ከረጢት ከመጀመሯ በፊት መዘንኩ፣ ስትጨርስ መዘንኩ። የውሃውን ጆግ እንዲሁ። የጨው ዕቃውንም። «ምነው ፖሊስ ሆንሽ?» አለችኝ። ስደምረው ለ2 ኪሎ ዱቄት 1 ኪሎ ከ300 ግራም ውሃ፣ ጨው 40 ግራም።

ዳቦ ቤት የሠራችሁ እዚህ ካላችሁ ፈገግ ብላችኋል። ዳቦ ጋጋሪዎች ዱቄቱን መቶ ይሉታል፤ ሌላውን ከመቶ ያሰላሉ። ውሃ 65፣ ጨው 2። ልክ የአክስቴ! ነገርኳት። «ታዲያ ሚዛንሽ ከእኔ ነው የተማረው» አለች።

ይህ የመቶኛ ሒሳብ ሚዛን ከሌለ አይሠራም። ካለ ግን ለ1 ኪሎ ዱቄት 650 ውሃ፣ 20 ጨው፣ 10 ደረቅ እርሾ ትላላችሁ። ለሠርግ 7 ኪሎ ካስፈለገ በሰባት ታባዛላችሁ። በኩባያ ለማባዛት ሞክሩና 58ኛው ኩባያ ላይ ስልክ ሲደወልላችሁ እንገናኝ።

ለምትሸጡ ደግሞ አንድ ነገር። ሱቅ ሄዳችሁ «ሦስት ኩባያ ዱቄት ስጠኝ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዱቄት በኪሎ፣ ስኳር በኪሎ፣ ቅቤ በግራም ነው የምትገዙት። ኬካችሁ 300 ግራም ዱቄት ከወሰደ፣ የኪሎውን ዋጋ በ0.3 አባዙት። ያ የዱቄቱ ወጪ ነው። ስኳሩንም፣ ቅቤውንም እንዲሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «እየሠራሁ ነው፣ ግን ብር አላይም» የምትሉ እህቶቼ፣ ከዚህ ጀምሩ። እየዛቀ የሚሰፍር ሰው በየኬኩ የሚያወጣውን ትርፍ ዱቄት አይቆጥረውም። ደንበኛውም አይከፍልለትም።

የጤፍ ዱቄት፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ወፍጮ ቤት ያስፈጫችሁት ስንዴ ኩባያው ስንት ግራም ነው ብላችሁ ልትጠይቁኝ እንደተዘጋጃችሁ ፊታችሁ ይናገራል። የፈረንጅ ሠንጠረዥ አትፈልጉ። የናንተን ወፍጮ አያውቀውም። በራሳችሁ ኩባያ ሦስት ጊዜ ስፈሩ፣ ሦስቱንም መዝኑ፣ ደምራችሁ ለሦስት አካፍሉ፣ ዱቄቱ ዕቃ ላይ ለጥፉት።

ጥሪው ላይ ቤት የምትሰፍሩበትን ብርጭቆ ወይም ኩባያ ይዛችሁ ኑ ተብሎ ነበር። ይዛችኋል አይደል? ሚዛኖቹ በግራ በኩል ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ባዶውን አስቀምጡ፣ ዜሮ በሉ፣ ውሃ እስከ አፉ ሙሉበት። የሚነበበው ግራም የኩባያችሁ ሚሊ ሊትር ነው። ማርከር አለ፤ ቂጡ ላይ ጻፉበት። አራት አራት ሆናችሁ ኑ፣ አትጋፉ፤ ውሃ ያፈሰሰ ይወለውላል። ጥያቄ ያለው እዚያው ያግኘኝ። አመሰግናለሁ።